ኦቦ ቶሎሳ የፈረሙባቸው ሁለት ሳጥኖች

ኦቦ ቶሎሳ ማረፋቸውን የሰማሁት አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳጠናቅር ነው። የደወለልኝ ግርማ ነበር፤ ጉደር በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። "ያሬድ፣ ኦቦ ቶሎሳ አረፉ። ትናንት ባኮ ቀብረናቸው ተመለስን" አለኝ። ለምን ቀደም ብሎ እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ስልኬን ለማግኘት አራት ሰው መጠየቁን ነገረኝ። ቁጥሬን ቀይሬ ነበር፤ አዲሱን ለአምቦ ሰዎች አልሰጠሁም። ለምን እንዳልሰጠሁ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን ላስተዋውቅ።

አምቦ ውስጥ በአንድ የዞን ቢሮ ለአራት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበርኩ፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ፣ የኦሮምኛ ሰላምታ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ የምይዝ ሰው። እሳቸው የዞኑንና የወረዳዎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው መስመር ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከሥራቸው አንድም ሠራተኛ አልነበራቸውም። ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ግራጫ ሹራባቸውን በበጋም በክረምትም አያወልቁም። የተማሩት ሬዲዮ ጥገና ነው። ኮምፒውተሩን የት ተማሩት ሲባሉ "ሦስት አቃጠልኩ፣ አራተኛው ላይ ገባኝ" ይላሉ እንጂ ሌላ ታሪክ አይጨምሩም።

ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። መብራቱን አያዩም፣ ገመዱን አይነቀንቁም፤ መዳፋቸውን አሳርፈው ዝም ይላሉ። ከወረዳ ተደውሎ "ኔትወርክ የለም" ሲባሉም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "እጅህን አድርግበት እስቲ፤ ይሞቃል?" ከሞቀ ዕቃው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ቀሪውን እዚያው በስልክ ያስተካክሉታል። ካልሞቀ ሹራባቸውን ይጎትቱና መናኸሪያ ይወርዳሉ።

ሌላው መታወቂያቸው "አላየሁም" የሚለው ቃል ነው። በስብሰባ ላይ ሁላችንም "በአብዛኛው ተከናውኗል"፣ "በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" በምንልበት ሰዓት እሳቸው ተራቸው ሲደርስ ብድግ ብለው "የጊንጪውን አይቻለሁ፣ ይሠራል። የጀልዱን አላየሁም" ብለው ይቀመጣሉ። በኦሮምኛ ሲሆን "ሂንአርግኔ" ይላሉ፤ ያው አላየሁም ነው። አንድ ጊዜ የቢሮው ኃላፊ ተናደው "ኦቦ ቶሎሳ፣ ይመስልዎታል ወይ ነው ጥያቄው" ቢሏቸው፣ ጥቂት አሰቡና "መምሰሉንም አላየሁም" አሉ። ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀልድ መናገራቸውን ያወቁ አይመስለኝም።

ጊዜው አገሩ ሁሉ ስለ ትራንስፎርሜሽን የሚያወራበት ነበር። ሠራተኛው አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፣ ግምገማው አያልቅም፣ ከላይ የሚመጣው ቅጽም እንደዚያው። ከቅጾቹ አንዱ የመሥሪያ ቤቶችን ዝግጁነት የሚጠይቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር የራሱ የሆነ የአድራሻ ቁጥር አለው። የድሮዎቹ ቁጥሮች በዓለም ላይ እያለቁ ስለሆነ ረዘም ያለ አዲስ ዓይነት ቁጥር መጥቷል። ወደዚያ ለመሸጋገር ምን ያህል ተዘጋጅታችኋል ነበር የቅጹ ጥያቄ። በየወረዳው የተተከሉት አሮጌ ራውተሮች አዲሱን ቁጥር አያውቁትም። የሚያውቁ አዳዲስ ራውተሮች፣ እኛ በተለምዶ ሳጥን የምንላቸው፣ ለጉደር፣ ለጌዶና ለባኮ ቀደም ብለው ተልከው ነበር፤ ቅጹም የሚጠይቀው ስለ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ነበር።

ቅጹ ሲመጣ ኦቦ ቶሎሳ መስክ ላይ ነበሩ። እኔ ምን አደረግኩ? ስልክ አነሳሁ። ሦስቱንም ቦታዎች በአንድ ጠዋት ጠየቅኩ። ሦስቱም "ዕቃው ደርሶናል፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ተቆርጦለታል" አሉኝ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ገቢ የሚሆንበት ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ካለ ዕቃ አለ፣ ዕቃ ካለ ዝግጁነት አለ ብዬ "ሙሉ በሙሉ ዝግጁ" ከሚለው ፊት የራይት ምልክት አደረግኩ፤ ከታች ፈረምኩ፤ ማኅተም አስመታሁ፤ ላክሁ። በዚያ ዓመት እንዲያ ተጣርቶ የተላከ ሪፖርት እንዳልነበረ ለራሴ ነግሬው ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ሲመለሱ ግልባጩን ቆመው አነበቡት።

"ይሞቃሉ?" አሉኝ።

"ምኖቹ?"

"ሳጥኖቹ። የባኮውን አውቀዋለሁ፤ እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ባገኘኋቸው ቁጥር ኃላፊውን ነዝንዤ አስፈርሜ አስተክዬዋለሁ። የጉደርና የጌዶው ይሞቃሉ?"

"ገቢ ሆነዋል" አልኩ።

"ገቢ መሆናቸውን አልጠየቅኩህም።"

በሳምንቱ ከላይ ደብዳቤ መጣ። ዞናችን ሙሉ በሙሉ ዝግጁ ስለሆነ ሙከራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀድሞ በእኛ ይጀመራል። በሙከራው ቀን አሮጌው ቁጥር ለሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ አዲሱን የማያውቅ ሳጥን ያለው ቦታ ከመስመር ይወጣል። የቢሮው ኃላፊ ደብዳቤውን ሲያነቡ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ኦቦ ቶሎሳ የጉደርንና የጌዶውን እንዳላዩ ሲናገሩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። "የላክነውን ሪፖርት ተሳስተን ነው ብለን ልንጽፍ ነው? በግምገማ ማን ሊጠየቅ?" አሉ። የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ከታች ያለው ፊርማ ይናገራል። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

ኦቦ ቶሎሳ "መጻፍ አያስፈልግም። እኔና ያሬድ ሄደን እናያለን" አሉ።

ጉደር ቅርብ ነው፤ ሚኒባሱ ሳይሞቀን ደረስን። ግርማ ግምጃ ቤቱን ከፈተልን። አሮጌ የጽሕፈት መኪናዎችና የተሰበሩ ወንበሮች ተቆልለዋል። ሳጥኑ ጥግ ላይ በካርቶኑ፣ ፕላስተሩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል። ከገባ ስምንት ወሩ ነበር።

"ለምን አልወጣም?" አልኩ እኔ፣ እንደ ተቆጣጣሪ።

ግርማ ታጋሽ ሰው ነው፣ አስረዳኝ። ዕቃ ከስቶር ሲወጣ በሞዴል ሃያ ሁለት በሰው ስም ይወጣል። የኔትወርክ ሠራተኛቸው ኮንትራት ነው፤ ቋሚ ንብረት አይፈርምም። ኃላፊው ነገ ከነገ ወዲያ እነሳለሁ ብሎ ስለሚያስብ አይፈርምም። ሌላው ደግሞ ዕቃውን ስለማያውቀው ይፈራል። "ቢጠፋም ቢቃጠልም የሚጠየቀው የፈረመው ነው። መሥሪያ ቤት ሲለቅም ሆነ ሲዛወር ዕቃውን ለሌላ ሰው ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። እዚህ ካለ ግን የማንም አይደለም፤ አይቃጠልም፣ አይጠፋም፣ ኦዲት ሲመጣ ቁልጭ ብሎ ይገኛል" አለኝ። አነጋገሩ ላይ አንዳች ክፋት አልነበረም። እኔም ሳዳምጠው ትክክል መሰለኝ፤ እንዲያውም በሪፖርት ቋንቋ ካየነው ከካርቶን ያልወጣ ዕቃ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ዕቃ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ "ሞዴል ሃያ ሁለቱን አምጣ" አሉት።

"በማን ስም?"

"በእኔ።"

ግርማ ደብተሩን አላነሳም። "እርስዎ የዞን ሠራተኛ ነዎት እኮ። ነገ ማን ይቀበልዎታል?"

"ቋሚ ሠራተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

"ቋሚማ ነዎት።"

"እንግዲያው አምጣ።"

ፈረሙ። ካርቶኑን በቢላ ቀደዱት፣ ሳጥኑን አውጥተው ተከሉት፣ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆሙ። እኔም ግርማም ከጎናቸው ቆምን። ብዙ ደቂቃ ካለፈ በኋላ "ሆኤ" አሉ፤ ሞቀ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ወደ ጌዶ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን ይህን እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። በመስኮት እያዩ "አንተ ዝግጁ ነን ብለህ ጽፈህ ልከሃል። የተላከው አይመለስም። ስለዚህ እውነት እናድርገው" አሉኝ። ቁጣ የለውም፣ ምክርም የለውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጌዶ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱን ከብት ሞልቶታል። የንብረት ሠራተኛዋ እስክትመጣ እስከ ረፋዱ ጠበቅን። ምክንያቱ የጉደሩ ነው፤ ካርቶኑም የጉደሩን ይመስላል። ኦቦ ቶሎሳ ሁለተኛውን ፈረሙ።

ሳጥኑ ሲሞቅ ገና ቀን ስለነበር "ባኮ ቤቴ እንብላ" አሉኝ። ቤታቸው ባኮ መሆኑን አውቅ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እዚያ አስተማሪ ናቸው። እሳቸው ግን አምቦ ቤት ተከራይተው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እየተሳፈሩ እሑድ ይመለሳሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ባኮ ሙቀት ነው፤ ያኔም ሹራባቸውን አላወለቁም። በር ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሲፈን ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸውና "አባ፣ መቼ ትሄዳለህ?" አለች። መቼ መጣህ አላለችም። ልጅቷ ስታድግ የምታውቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

ምሳ ቀረበ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ አዴ ጫልቱ የእኔን ጾም ከማን እንደሰሙ አላውቅም፣ ለብቻዬ ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። ኦቦ ቶሎሳ የራሳቸውን ዶሮ ትተው ከእኔ ሽሮ መጉረስ ጀመሩ፤ አምቦም ረቡዕና ዓርብ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፣ እሳቸው ጴንጤ ሆነው። ባልና ሚስት በኦሮምኛ ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ አዴ ጫልቱ "እንግዳ በማይሰማው ቋንቋ አይወራም" ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ።

"ያሬድ፣ ነግሮሃል? ባኮ ወረዳ በእሱ ሙያ ቦታ ተከፍቶ ተወዳድሮ አልፏል። የዝውውር ደብዳቤው በቅርብ ይወጣል" አሉኝ።

አልነገሩኝም ነበር። "እንኳን ደስ አላችሁ" አልኩ።

"ክሊራንስ ብቻ ነው የቀረው።" ወደ ባላቸው ዞሩ። "በስምህ ምንም የለም፣ አይደል?"

ኦቦ ቶሎሳ ጉርሻቸውን ውጠው "ሁለት ዕቃ አለ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት።"

አዴ ጫልቱ እሳቸውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ለምን እኔን እንዳዩኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ከዚያ "ብሉ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል" አሉ።

የሙከራው ቀን መጣ። አሮጌው ቁጥር ሲዘጋ አዲስ ሳጥን ያልተላከላቸው ሌሎች ቦታዎች እንደተጠበቀው ከመስመር ወጡ፤ የእኛ ሦስቱ ቆዩ። ጌዶ ላይ በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ገበሬ የመሬት ይግባኛቸውን በፕላዝማ፣ በዚያው መስመር፣ ሩቅ ላለ ዳኛ እያሰሙ ነበር፤ ሳይቋረጥባቸው ጨረሱ። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ወቅቱን የጠበቀና ትክክለኛ ሪፖርት በማቅረብ በሚል ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። ለኦቦ ቶሎሳ ተጨበጨበላቸው። ሰርተፍኬቱን ተቀብዬ ፎቶ ተነሣሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።

የዝውውር ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ወጣ። ኦቦ ቶሎሳ የክሊራንስ ወረቀታቸውን ይዘው ከክፍል ክፍል ዞሩ፤ ሁሉም ፈረመ፣ ንብረት ክፍል ቆመ። ሁለቱን ሳጥኖች በስሙ የሚረከብ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ያምጡ ተባሉ። የጉደሩን ኃላፊ ጠየቁ። የጌዶውን ጠየቁ። ግርማን ጠየቁ፤ ግርማ "እኔ ጠባቂ ነኝ፣ ለራሴ ማስረከብ አልችልም" አላቸው፣ እውነቱን ነው። ከቢሯችን የሰው ኃይል ክፍሏን ወይዘሮ ጠየቁ፣ ጡረታዬ ደርሷል አሉ። የፋይናንሱን ጠየቁ፣ ሳቀባቸው። በቢሮው ውስጥ ቋሚ ሆኖ ያልተጠየቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። እጮኛዬ እዚያ ነበረች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴም እዚያ ነው። ከፈረምኩ እንደሳቸው መቅረቴ ነው። በየቀኑ ቢሮ ስገባ ዛሬ ይጠይቁኛል እያልኩ እገባለሁ። ምን እንደምመልስ ሌሊቱን አዘጋጅቼ፣ ቃላቱን አሳምሬ ነው የምመጣው። እሳቸው ይገባሉ፣ "አከም ቡልቴ፣ ያሬድ" ብለው እንዴት አደርክ ይሉኛል፣ ሹራባቸውን ጎተት አድርገው ይቀመጣሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ። ሳይጠይቁኝ ስለሚውሉ በሳቸው ተናደድኩ። ከዚያ መሸሽ ጀመርኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስብሰባ አለኝ እላለሁ። ኮሪደር ላይ ሳያቸው ስልክ የተደወለልኝ አስመስላለሁ። የባኮው ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የሰማሁት ከሳቸው አይደለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብኩት። ዓርብ ዓርብ እንደ ድሮው ቦርሳቸውን ይዘው መናኸሪያ ሲወርዱ በመስኮት አያቸዋለሁ።

የእኔ ዝውውር ሲፈቀድ ክሊራንሴ በአንድ ቀን አለቀ። በስሜ ያለው አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበር። የመረጃ መስመር ክፍል የሚለው ቦታ ላይ መፈረም ያለባቸው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ወረቀቱን አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ "ምንም የለበትም" ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ተነሥተው አቀፉኝ። "በሰላም ግባ። እጮኛህን ሰላም በልልኝ" አሉኝ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ሲም ካርዴን ቀየርኩ።

በኋላ ከግርማ እንደሰማሁት፣ እኔ ከሄድኩ ከዓመት በላይ ቆይቶ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሳጥኖቹን በአንድ ከሰዓት ተረክቧቸዋል። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ መንገዱ ሁልጊዜም ነበረ። ኦቦ ቶሎሳ ባኮ ገቡ፤ ዝቅ ባለ ደረጃ። ከቤተሰባቸው ጋር አንድ ዓመት ያህል ኖሩ። የሞቱት በደም ግፊት ነው፤ ጠዋት ሲፈንን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲመለሱ።

ባኮ የደረስኩት በተደወለልኝ በማግስቱ ነው። ድንኳኑ አልፈረሰም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኦሮምኛ በዝግታ ይዘምራሉ። አዴ ጫልቱ አወቁኝ፤ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሲፈን ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ቁመቷ አድጓል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ አልኩ፣ ሌላም ሌላም የለቅሶ ቃል አልኩ። ከዚያ ሰዉ ጥቂት ሲበተን፣ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው የመጣሁትን ነገር አወጣሁት።

"አዴ ጫልቱ፣ ያኔ እኔ መፈረም እችል ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔ ነግሬዋለሁ። ያ ያሬድ ቋሚ ነው፣ ለምን እሱን አትጠይቀውም ብዬ ስንት ጊዜ ነዝንዤዋለሁ።"

"ምን አሉ?"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "ብጠይቀው እምቢ ይለኛል አለኝ። እምቢ ካለኝ በኋላ ደግሞ ዓይኔን ማየት ያቅተዋል፤ ገና ወጣት ነው፣ ይህን ይዞ እንዲኖር አልፈልግም አለኝ።"

እምቢ አልላቸውም ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። አዴ ጫልቱ ይጠብቁኛል፤ ምን ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

"ልክ ነበሩ" አልኳቸው። "እምቢ እላቸው ነበር።"